ቀይ ሁኚና ሳሚኝ

በእኔ ቤት ከንፈሯን የምትቀባ ሴት ሁለት ሕግ አለባት። መጀመሪያ ቁጭ ብላ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን፣ ምን ምን እንደገባበት፣ አንድም ሳታስቀር ታነብልኛለች። ቀጥሎ እኔን መሳም ካማራት ከንፈሯን በሳሙና ታጥባ ትመጣለች። ልጆቼ ይህን እርጅና ነው ይላሉ። ምን እርጅና አለበት፤ በሠላሳ ዓመቴም እንዲሁ ነበርኩ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ነገሩ ያልገባኝ የሚመስላቸውም አሉ። የተማረውማ ሳያነብ ሲልስ ነው የሚውለው።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ግብዣ ተጠርታ ሦስት ዓይነት ይዛ መጣች፤ አንዱ እንደ ጣት የቆመ፣ አንዱ እንደ ማር የሚንጠባጠብ፣ አንዱ ደግሞ በትንሽ ቆርቆሮ ያለ ማለስለሻ። ዛሬን ማሪኝ አያቴ፣ መኪና ቆሞ እየጠበቀኝ ነው አለች። ይቁም አልኳት። እየተነጫነጨች አነበበች፤ የንብ ሰም፣ የጉሎ ዘይት፣ ከበግ ጠጉር የሚወጣ ቅባት፣ ሽቶ፣ ከብረት ዝገት የተጣራ ቀይ። እዚያ ላይ አስቆምኳት። ዝገት ከንፈር ላይ ምን ይሠራል ብላት፣ አይጎዳም፣ ተሞክሮ ነው የወጣው አለችኝ።

"በማን ከንፈር ተሞከረ?" አልኳት።

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏታል።

እናቴ ከንፈር ነበረች። የሥራዋን ስም ነው የምነግራችሁ። ሰም የምታቀልጥ ሰም ትባላለች፣ የሚቀምም ቀማሚ ይባላል፣ እናቴ ደግሞ ከንፈር።

የምንኖርበት ቤት ምድርና ፎቅ ነበር። ምድሩ የከንፈር ቀለም የሚሠራበት ነው። ፎቁ ላይ አንድ ክፍል የእኔና የእናቴ፣ ከጎኑ ያለው የሰምና የካርቶን መጋዘን። የቤቱም የሥራውም ባለቤት ቀማሚው ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ ሰው። ክፍሏ የተሰጠችን እናቴ ስለምትሠራለት ነው፤ ሥራውን የተወች ዕለት ቁልፉን ትመልሳለች። አባት አልነበረኝም፤ ቢኖርም ስሙን ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ደረጃው ላይ የጽጌረዳ ሽቶና የሞራ ሽታ ተጣብቀው ይኖሩ ነበር። ዛሬም አንደኛው ሲሸተኝ ዞር ብዬ ሌላውን እፈልገዋለሁ።

ሰሙን የምታቀልጠው እትዬ ሰም ሰፊ ሴት ናት፤ ሁለት ጣቶቿን ሰም አቃጥሎ አጣብቋቸዋል፣ ምላሷን ግን የሚያጣብቅ አልተገኘም። ትልቁ ድስት ውስጥ ውኃ ታፈላለች፣ ትንሹን ድስት እውስጡ ታስቀምጣለች። ሰም በቀጥታ እሳት ከነካው ያኮርፋል ትላለች። "ሰም ሲበዛ ይደርቃል፣ ዘይት ሲበዛ ይፈስሳል፤ ባልም እንደዚያው ነው" እያለች ታማስላለች። ማለስለሻው ሰምና ሞራ ነው። የሚያብረቀርቀው የጉሎ ዘይት በብዛት፣ ሰም ለመያዣ ያህል። የሚቆመው ሊፕስቲክ ደግሞ ሰሙ በዛ ብሎ፣ ቀይ ዱቄት ተነፍቶ ገብቶበት፣ የናስ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ቀዝቅዞ ሲወጣ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ይህን በቃሌ እወጣው ነበር።

ቅርጹ ሁሉ ከመሞላቱ በፊት ግን አንዷ ብቻ ትፈስሳለች። እሷ የእናቴ ናት። እናቴ መስኮቱ ሥር ረጅም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትቀባለች፤ ደረቅ ዳቦ ትበላለች፤ ውኃ ትጠጣለች። ቀማሚው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ ጠርዙን ያያል። ጠርዙን ቀለም ከነካው ሰም ይጨመራል፤ ከንፈሯ ከተሰነጠቀ ዘይት። ከዚያ ከንፈሯን ልሳ ጣዕሙን ትናገራለች፤ ሴት ከንፈሯን መላሷ አይቀርምና መራራ ከሆነ ደግማ አትገዛም። ሥራ እስኪያበቃ ድረስ መታጠብ የለም፤ ቀለሙ ዋለ ወይስ አልዋለም የሚታወቀው ያኔ ነው። "እስኪ ከንፈር፣ ወደ ብርሃን" ይላታል ቀማሚው፤ አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ ያዞራታል።

እኔ ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ሽርጥ ታጥቀው ላብ በላብ ሲሆኑ የእኔ እናት ከፍ ብላ፣ ተቀብታ፣ ዳቦና ውኃ ይቀርብላታል። የቤቱ እመቤት እሷ ናት ብዬ ነበር የማስበው። ሰው እንደ ጫማ እንደሚሞከር መቼ አውቄ።

ሥራ ሲያበቃ ወደ ላይ ትወጣለች። እኔ በር ላይ ጉንጬን አቅርቤ እጠብቃለሁ። ከንፈሯ ላይ የዋለውን ቀይ እዚህ፣ ግራ ጉንጬ ላይ ታትምልኛለች። ማኅተሜ እለው ነበር። አላጥበውም፤ አስተኛኘቴ እንኳን በቀኝ በኩል ነበር። በማግስቱ የሠፈሩ ልጆች ፊት እየዞርኩ አሳያለሁ። የእናንተ እናቶች ሲስሙ ምንም አይታይም፣ የእኔ እናት ስትስም ይቀራል እላቸው ነበር። ምላሴ ያኔም ይኸው ነው።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት ቀዩ ዱቄት መምጣቱን አቆመ። ከሩቅ በትናንሽ ከረጢት ነበር የሚመጣው። ነጋዴዎቹ ቀይ ቀይ እያሉ ይጮሃሉ፣ ቀማሚው ማለስለሻ ብቻ እያስረከበ ይወዘወዛል። አንድ ቀን ከኮቱ ሥር ትልቅ ጣሳ ይዞ ገባ። ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጣሳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በቢላዋ ፋቀው። ሲከፈት እንዲህ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም፤ ወደ ብርቱካን ያዘነበለ፣ ሲያዩት የሚጮህ። ከባድ ነው፤ እትዬ ሰም አንዷን ጣሳ በሁለት እጇ ነው ያነሳችው። ዱቄቱን በጨርቅ የመንፋቱ ሥራ ለእናቴ ተጨመረላት። ነፍታ ስትነሳ ሽፋሽፍቷ ሁሉ ቀይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ፊት ለፊት የቆመች ትመስል ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞራ ሞተች። ሞራ የቤቱ ድመት ናት፤ ድስቱ ሲገላበጥ የተረፈውን ሞራ ከነቀለሙ እየላሰች ነው ስሟን ያገኘችው። መጀመሪያ ምግብ ተወች። ቀጥሎ ያለ ምክንያት ክብ እየሠራች ትዞር ጀመር፤ እኛ እየተጫወተች መስሎን አጨበጨብንላት። ከሰም ጆንያ ኋላ ደርቃ ተገኘች። ቀማሚው ጎረቤት የአይጥ መርዝ ረጭቶ ነው አለ። እኔ ሦስት ቀን አለቀስኩ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ድስቱን ለረጅም ጊዜ ስታየው ብቻ ትዝ ይለኛል።

ከእኛ ፊት ለፊት የብረት በር የሚሠራበት ግቢ ነበር። እዚያ በር ቀቢው አለ፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ወተት ካልጠጣ ሥራ የማይጀምር ሽማግሌ። አንድ ቀን እሱ ዘንድ ብሄድ ያንኑ ጣሳ ከፍቶ፣ ያንኑ ቀይ በዘይት በጥብጦ በሩን ይቀባል። ወረቀቱ ያልተፋቀ ከመሆኑ በቀር ጣሳው አንድ ነው። ቤታችን ይህ አለ እኮ አልኩት። የግቢያችንን በር ያልኩ መሰለው። ጎበዞች ናችሁ፤ ይህ ከጥቁሩ ቀለም ሥር ከገባ ብረቱን ዝገት አይደፍረውም አለኝ። የምሳ ሰዓቱ ደርሶ እጁን ሲታጠብ ቆጠርኩት፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና። ለዳቦ ይህን ያህል ምን አስታጠበህ ስለው ሳቀ።

"ይሄ ቀለም ይሉኝታ የለውም የኔ ልጅ። ዳቦ ስትቆርሺ ሳትጠሪው አብሮሽ ይቀርባል፤ አንዴ ከቀረበ ደግሞ አይነሳም። ከአለቃዬ ጋር ስንት ዓመት አብሮ በልቶ፣ አሁን ገበታው የቀለሙ ብቻ ሆነ።"

እኔም ሳቅኩ። ማዕድ ላይ ተጎልቶ የሚበላ ቀይ ጣሳ ታየኝ። ከሁሉ ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን የዝገቱ ነገር ነው። የእናቴ ከንፈር ላይ ያለው ቀለም ብረት የሚጠብቅ ከሆነ እናቴ አታረጅም ማለት ነዋ።

ይህን ወሬ ይዤ እስክትመጣ መታገሥ አልቻልኩም። ሥራ አብቅቶ ደረጃውን ስትወጣ እንደ ልማዴ ጉንጬን አቀረብኩ። ጎንበስ አለች። ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር እያለ በአንድ እስትንፋስ ለቀቅኩት፤ ጣሳውን፣ በሩን፣ ዝገቱን፣ ሦስት ጊዜ መታጠቡን፣ አብሮ በላተኛውን ቀለም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከንፈሯ ጉንጬን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ቀና አለች። ወደ ውኃው ሄዳ ከንፈሯን በሳሙና አሸችው፤ ተመልሳ ደግማ፣ ተመልሳ ደግማ። ቀጥላ የእኔን ጉንጭ ይዛ አሸችኝ፤ ያለፈውን ቀን ማኅተም አጠፋችብኝ።

ሳሚኝ እንጂ አልኳት። "ዛሬ ይቅር ቁንጫዬ" አለችኝ። ቁንጫ ነበር የምትለኝ።

ዛሬ ይቅር ያለችው ቀረ። ነገም ቀረ፣ ከነገ ወዲያም ቀረ። እኔ የገባኝ በር ቀቢው ግቢ በመሄዴ እንደተቀየመችኝ ነው። ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ማልኩ። መሐላዬም ማኅተሜን አላስመለሰም።

ዛሬ ይቅር ባለችኝ ማግስት ማለዳ እናቴ ከሁሉ ቀድማ ወረደች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከቀማሚው ጋር ቆመው ያወራሉ፤ የእሷ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ድመቷን፣ ጣሳውን፣ በሩን ስትል ብቻ ነው የሰማሁት። እሱ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ዱቄቱ ንጹሕ ነው፣ ይኸው ብሎ በጣቱ ጫፍ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገው። አንድ ጊዜ መላስና በየቀኑ መላስ አንድ እንዳልሆነ እሱም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ወዲያው ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲተፋ አይቼዋለሁ። ሲመለስ እንዲህ አላት፦

"አንቺ ካልፈለግሽ ሰው አላጣም። ልጅሽ ከንፈሯ ካንቺ ይበልጣል። የልጅ ከንፈር ስስ ነው፣ ቀለም ያሳያል። እዚያው በርጩማ ላይ እሷ ትቀመጥ።"

ልቤ ልትወጣ ደረሰች። እኔ፣ በዚያ በርጩማ ላይ፣ ተቀብቼ። ተነስቼ ልወርድ ስል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄን ይተዉልኝ። እኔው እቀመጣለሁ።"

ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ምቀኛ ናት አልኩ። ከንፈሬ ከከንፈሯ በልጦ ተቃጠለች፤ ለዚህ ነው የማትስመኝ፤ ውበቷን ልታካፍለኝ አትፈልግም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጎረሰችኝን ሴት በአንድ ጠዋት ፈረድኩባት። ዓይን የሚያየውን ነው የሚፈርደው፤ ጆሮማ ጨርሶ ዳኛ አይሆንም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ስተኛ እትዬ ሰም ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር ይህን ሁሉ ከሥሩ የነገረችኝ። ታዲያ ለምን ጥላ አልወጣችም ብዬ ጮኽኩባት። ወዴት? አለችኝ። ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ነበረቻት፤ ልጄን ውሰጂልኝ ብላ በዚያው ሳምንት ላከችባት። እህትየው አሠሪዎቼ እሺ እስኪሉኝ ታገሺኝ አለች። እናቴ ታገሠች። እኔ የምሄድበት እስኪገኝ በርጩማው ላይ ካልተቀመጠች ወይ ደጅ እንወድቃለን፣ ወይ እኔ እቀመጣለሁ። ይህን ነው ያሰላችው። "አንቺስ?" አልኳት እትዬ ሰምን። የተጣበቁ ጣቶቿን እያየች፣ እኔማ አፌን ሰም ደፍኖት ነበር አለች። አልተቆጣኋትም። ውሸት ብትነግረኝ ነበር የማባርራት።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ወራት እንደ ልጅ አይቼ እንደ ልጅ ነው የያዝኳቸው። የእናቴ ከንፈር በየቀኑ እየደመቀ ሲሄድ አየሁ። ከንፈሯ ግን አልደመቀም፤ ፊቷ ነበር እየነጣ የሄደው። መስኮቱ ላይ በሆዷ ተደፍታ ረጅም ጊዜ ትቆይ ነበር። በመንገዱ የሚመጣ ሰው የምትጠብቅ መስሎኝ እኔም አንገቴን አስግጌ አይ ነበር፤ ማንም አይመጣም። ሆዷን ነበር መስኮቱ ደፍ ላይ የምትደግፈው፤ ቁርጠቱ ሲነሳባት። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች። ኮራች አልኩ። ድድዋ ላይ፣ ከጥርሷ ሥር፣ በሰማያዊ ክር የተሰፋ የመሰለ መስመር ወጥቶ ነበር፤ አንድ ቀን ዳቦ ስትነክስ አይቼው፣ እሱንም ከእኔ የደበቀችው አዲስ መዋቢያ ነው ብዬ ተቃጠልኩ። ቀጥሎ ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ማንኪያ ስታነሳ ጣቶቿ ወደ ምድር ያያሉ። ሥዕል ላይ ያሉ ሴቶች፣ ያ እጃቸውን ለመሳም የሚሰጡት፣ እንደዚያ ነው የሚያንጠለጥሉት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እኔም እጄን አንጠልጥዬ ተለማመድኩ።

አንድ ሐኪም፣ በአሮጊትነቴ ጉልበቴን ሊያይ የመጣ፣ ይህን ሁሉ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። እርሳስ ነው አለኝ፤ ልጆች የሚጽፉበትን ሳይሆን ያንን ከባዱን ብረት ነው ያለው። ያ ብርቱካንማ ቀይ ከእሱ ነው የሚሠራው። ለበር ደኅና ነው። ሰው ውስጥ ከገባ ግን መጀመሪያ ሆድ ይይዛል፣ ከዚያ ደም፣ ከዚያ የእጅ ጅማት። ሰማያዊው መስመርም ምስክሩ ነው። የተማረ ሰው በአንድ እስትንፋስ የሚያውቀውን እኔ ስልሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ስንት ሴት ያንን ቀይ ገዝታ፣ ተቀብታ፣ ልሳ እንደታመመች የሚያውቅ የለም። ቀማሚው ተቀጣ ብዬ እንዳልዋሻችሁ፣ አልተቀጣም። ሥራውን ዘግቶ ሌላ ቦታ ከፈተ፤ አርጅቶ፣ ጥርሱ ሳይወልቅ፣ አልጋው ላይ ሞተ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዱቄት ልታወርድ ወደ ጓሮ ስትወጣ የዕለቱ መሞከሪያ በርጩማው ላይ ቀርታ ነበር። አነሳሁ። መስተዋት አልፈለግኩም፤ የእናቴን እጅ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ ከንፈርን ገጥሞ መልቀቅ። በርጩማው ላይ ወጥቼ እጄን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ጣዕሙ እስከዛሬ አፌ ውስጥ አለ፤ ትንሽ ጣፈጥ ይላል፣ ከኋላው ብረት ብረት። ቀማሚው ገባ፤ አየኝ፤ መነጽሩን ከአንገቱ አንስቶ ዓይኑ ላይ አደረገ። "አላልኩም?" አለ፤ አገጬን ሊይዝ ሁለት ጣቱን ዘረጋ።

እናቴ ከየት እንደደረሰች አላየሁም። ያ የተንጠለጠለ እጇ በየት በኩል ኃይል አገኘ? በጥፊ ከበርጩማው አወረደችኝ። አንገቴን ይዛ ወደ ገንዳው ወሰደችኝ፤ አፌን በሳሙና፣ ቀጥላ በሻካራ ጨርቅ፣ ቀጥላ ምላሴን ጎትታ አሸችኝ። ከንፈሬ ደማ። እሷ እያለቀሰች ነበር፤ እኔ የገባኝ ከንዴት እንደሆነ ነው። "ቀናሽ! ቀናሽብኝ!" እያልኩ ጮኽኩባት። እሷ ወደ ቀማሚው ቀና ብላ፣ "እጅዎ ልጄን ቢነካ ድስቱን ከነእሳቱ ራስዎ ላይ ነው የምደፋው" አለችው። ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ነበር። እሱ ሳቅ ብሎ መነጽሩን አወረደ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜን አላነሳም። ያኔ በርጩማውም ከእኔ ተነጠቀ ብዬ አዘንኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናቴ በርጩማው ላይ ሳለች ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ፤ ቀጥላ እሷ። እትዬ ሰም ተሸክማ አወጣቻት። አልጋው ላይ ስምንት ቀን ተኛች። በስምንተኛው ቀን እህቷ ከሰው ቤት ተለቅቃ መጣች፤ ነገ ጠዋት ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና እንደተገኘ፣ እኔንም ወደምትሠራበት ቤት እንደምትወስደኝ ተናገረች። እናቴ ይህን ስትሰማ ለብዙ ወር ያልሰማሁትን የእፎይታ ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ እትዬ ሰምን የጉሎ ዘይት፣ የሞቀ ውኃና ሳሙና ጠየቀቻት።

ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ አለች። እትዬ ሰም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቴን ከንፈር በዘይት ታሻለች፤ በነጭ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ ጨርቁ ቀይ ይወጣል። ያ ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ለስምንት ቀን እንኳ አልለቀቀም ነበር። ሌላ ጨርቅ፤ ሐምራዊ። ሌላ ጨርቅ። "ነጭ እስኪወጣ" አለች እናቴ። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ እመቤቷን እያወረዷት ነው ብዬ አይ ነበር። ቀማሚው አባረራት፣ ቀለሙንም አስመለሳት።

ጨርቁ ነጭ ወጣ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ነይ ቁንጫዬ፣ ጉንጭሽን አምጪ።"

ስንት ወር የጠበቅኩትን ቃል አለችው። ቀረብኩ። ግን ያ ከንፈር የእናቴ አልነበረም፤ አመድ የመሰለ፣ የተሰነጠቀ፣ የሌላ አሮጊት ከንፈር። እንዲህ ያለ ከንፈር ስሞኝ ጉንጬ ላይ ምን ይቀራል? ልጆቹ ምን ያያሉ? ወደ ኋላ አልኩ።

"እንደዚህ ሆነሽ አይደለም። ቀይ ሁኚና ሳሚኝ።"

እትዬ ሰም ልትመታኝ እጇን አነሳች። እናቴ በዓይኗ ከለከለቻት። ፈገግ ስትል አፏን አልሸፈነችም። "እሺ፣ ነገ" አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔ ግን ነገን መጠበቅ አልቻልኩም። ከአልጋው አጠገብ ያቺ የመጀመሪያዋ ጨርቅ፣ ቀይ እንደሆነች፣ ተጥላ ነበር። ማንም ሳያየኝ አንስቼ ሽርጤ ሥር ሸጎጥኳት።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆመ። እናቴን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወረዷት። አክስቴ ልብሴን ቋጥራ ቀድማ ወርዳለች። እኔ ደረጃው ላይ ዘገየሁ፤ ጨርቋን አወጣሁና ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ የከንፈር ቅርጽ እንዲመጣላት በጣቴ መሐሏን ገፋ አድርጌ፣ ግራ ጉንጬ ላይ ተጫንኳት። ጥሩ ወጣ። የእናቴን ያህል ባይሆንም ወጣ። ሮጬ ወረድኩ። የሠፈሩ ልጆች መኪናውን ከብበው ነበርና ሁሉም አየ። እናቴ ሳመችኝ አልኳቸው።

መኪናው ሊነሳ ሲል ለእናቴም ላሳያት መስኮቱ ጋ ደርሼ ጉንጬን አቀረብኩ። እንዳልተቀየምኳት ትወቅ ብዬ ነው፤ ባትስመኝም ሳመችኝ ብዬ እንደተናገርኩላት ትወቅ ብዬ። አየችኝ። ዓይኗ ጉንጬ ላይ ቀረ። እጇን ወደ መስታወቱ አነሳች፤ ጣቶቿ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፣ እኔም የእኔን አንጠልጥዬ መለስኩላት። አፏን ከፈተች፤ እስከ ድድዋ ድረስ፣ ያ ሰማያዊ መስመር ሁሉ እስኪታይ። መኪናው ሄደ። እትዬ ሰም ጎትታ ገንዳው ውስጥ ነከረችኝ፤ ጨርቋን በመስረቄ የቀጣችኝ መሰለኝ። ወደዚያ ቤትም፣ ወደ እኔም አልተመለሰችም።

ስቃልኝ ሄደች አልኩ። ለአክስቴ ነገርኳት፣ ለባሌ ነገርኩት፣ እናትሽ እንዴት ነበረች ላለኝ ሁሉ፣ ስትለየኝ እየሳቀች ነበር ብዬ ሃያ ዓመት ተናገርኩ። የወለድኩ ጊዜ ለእትዬ ሰምም ነገርኳት። ሕፃኑን አቅፋ ነበር፤ አስቀመጠችው።

"አልሳቀችም" አለችኝ። "እኔ በመኪናው በር በኩል ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። እጠቢያት፣ እጠቢያት ነው ያለችው። ለዚያ አይደል አንቺን ጎትቼ ገንዳው ውስጥ የነከርኩሽ።"